ሳንጋባ እንግሊዝ አገር መሄድ፦ ስለ አጋር ቪዛ ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጎንደርና አካባቢዋ ለሚኖሩ፣ እንግሊዝ አገር ፍቅረኛ ወይም እጮኛ ላላቸው፣ ግን ገና ላልተጋቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሰነድ ስተረጉምና ማመልከቻ ሳሰናዳ በየጊዜው የሚነሱብኝን ጥያቄዎች ነው የሰበሰብኩት። ብዙው ሰው የሚቸገረው ዓመታቱ ያለ አንዳች ወረቀት ስላለፉበት ነው። ስለዚህ ለማመልከት ያሰባችሁት ከዓመት በኋላ ቢሆንም አሁኑኑ አንብቡት። ደንቡም ክፍያውም ስለሚቀያየር ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ የዕለቱን መረጃ ተመልከቱ። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉትን ቀኖች «እ.ኤ.አ.» ብዬ ለይቻቸዋለሁ።

ሳንጋባ የአጋር ቪዛ ማመልከት እንችላለን?

ትችላላችሁ። የእንግሊዝ የኢሚግሬሽን ደንብ ባልና ሚስትን፣ እጮኛሞችን፣ ሳይጋቡ በትዳር መሰል ግንኙነት ያሉ ጥንዶችን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። እናንተ የምትገቡት በሦስተኛው ነው። ማሳየት ያለባችሁም ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንደ ባልና ሚስት ያለ ግንኙነት እንደነበራችሁ ነው። ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁ፣ በአካል የተገናኛችሁ፣ ወደፊትም እንግሊዝ አገር አብራችሁ ለመኖር የቆረጣችሁ መሆን አለባችሁ። በስልክ ብቻ የተዋወቀና ፊት ለፊት ተገናኝቶ የማያውቅ ሰው በዚህ መንገድ አይሄድም።

እኔ ጎንደር፣ እሱ ለንደን ነን። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት አልኖርንም። አለቀልን ማለት ነው?

አላለቀም። ድሮ የነበረው ደንብ ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር መኖርን ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ጀምሮ ይህ ተለውጦ የሚጠየቀው ለሁለት ዓመት የዘለቀ ትዳር መሰል ግንኙነት ሆኗል። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ጉዳይ አስፈጻሚም ጭምር፣ እስከ ዛሬ የድሮውን ነው የሚያወራው። «አብራችሁ ካልኖራችሁ አይሆንም» ተብላችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ ከሆነ እንደገና አስቡበት።

ለየብቻ የኖራችሁበት ምክንያት ግን መነገር አለበት። ሥራና ትምህርት ምክንያት ይሆናል። ባህሉ ሳይጋቡ አብሮ መኖርን አለመፍቀዱም እንደ ምክንያት እንደሚታይ የእንግሊዝ መንግሥት መመሪያ ራሱ ይናገራል። ጎንደር ላይ ደግሞ ይሄ የሁሉም ቤት እውነት ነው፤ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ቀለበት ሳይታሰር ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ቤት ተከራይታ ብትኖር የሰፈሩ ወሬ ወላጆቿን ነው የሚያንገበግበው። ይህን በማመልከቻ ደብዳቤያችሁ ላይ ሳታፍሩ ጻፉት። ቪዛ የሚመረምረው ሰው ማራኪን ወይም አራዳን አያውቅም፤ ካልነገራችሁት በቀር ለየብቻ መኖራችሁን እንደ ግንኙነት ድክመት ሊያነበው ይችላል።

ከዚያ በኋላ መመሪያው አራት ነገር ይፈልጋል፦ በየጊዜው መገናኘታችሁን፣ በገንዘብ መደጋገፋችሁን፣ ልጅ ካላችሁ አብራችሁ ማሳደጋችሁን፣ በዓልና ዕረፍትን የመሰሉ ጊዜያትን እንደ ጥንድ አብራችሁ ማሳለፋችሁን።

የእኛ አገር ሕግስ ሳይጋቡ መኖርን ያውቀዋል? ቀበሌ ወረቀት ይሰጠናል?

ሕጉ ያውቀዋል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ ስለ መኖር የራሱ ምዕራፍ አለው። አማራ ክልልም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለሌላ ሰው «ተጋብተናል» ብሎ መናገርን አያስገድድም፤ አኗኗራችሁ እንደ ተጋቡ ሰዎች መሆኑ ነው የሚበቃው። የእንግሊዙ ደንብም የሚጠይቀው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ወረቀቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ሞት የመሳሰሉት ይመዘገባሉ፤ ሳይጋቡ አብሮ መኖር የሚመዘገብበት መዝገብ የለም። ስለዚህ «ያልተጋቡ ጥንዶች ማስረጃ» የሚል ሰርተፍኬት ፍለጋ ቀበሌ አትመላለሱ። ከቀበሌ የሚጠቅማችሁ ያላገባችሁ መሆናችሁን የሚገልጸው ማስረጃ ነው። ብዙዎች «ያላገባ የሚል ወረቀት ባቀርብ ግንኙነቴን ይጎዳዋል» ብለው ይሰጋሉ። አይጎዳውም። እናንተም የምትሉት አልተጋባንም ነው፤ ወረቀቱ የምትሉትን ያጸናል፣ ሌላ ባል ወይም ሚስት እንደሌላችሁም ያሳያል።

እሺ፣ ማስረጃ ምን እናቅርብ?

ከገንዘቡ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ለዓመታት ሲልክ ኖሯል፣ ግን በሰው እጅ ወይም በጥቁር ገበያ ነው የላከው። ብሩ አዘዞ ያለ አንድ ሱቅ ይደርሳል፣ ልጅቷ ሄዳ ትቀበላለች፣ በቃ። ለቪዛ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ እንዳልተላከ ነው የሚቆጠረው፤ የላኪና የተቀባይ ስም ያለበት አንድ ደረሰኝ እንኳን የለምና። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክ መላክ የድሮውን ያህል አያከስርም። ትንሽም ቢሆን በባንክ ወይም በታወቀ የሐዋላ ድርጅት፣ በእናንተው ስም፣ በየወሩ ይላክ። በዓመት አንዴ ከሚመጣ ብዙ ብር ይልቅ በየወሩ ለቤት ኪራይ የምትመጣ ጥቂት ብር ስለ ግንኙነታችሁ የበለጠ ትናገራለች።

እናንተ የላካችሁለትም ይቆጠራል። ሹሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ በካርጎ ልካችሁለት ከሆነ የካርጎው ደረሰኝ ይቀመጥ። መደጋገፍ በአንድ ወገን ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ይሄን ማንም አያስበውም።

ቀጥሎ የስልኩ ወሬ። የሁለት ዓመት ቻት ሁሉ ታትሞ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ያን ሁሉ ማንም አያነበውም። ከየወሩ ሁለት ሦስት ስክሪንሾት፣ ቀኑ የሚታይ፣ ተራ ኑሮ ያለበት ይሁን፦ «እናትህ ሻል አላት?»፣ «መብራት ስለጠፋ ነው ያልደወልኩት»፣ «የልጁን ክፍያ ከፈልሽ?» ዓይነት። የፍቅር ቃል ማንም ይጽፋል፤ ትዳር መሰል ግንኙነት የሚታየው በእንደዚህ ያለው ወሬ ላይ ነው። ሁሉንም መተርጎም ስላለባችሁ ጥቂት መምረጥ ለኪሳችሁም ይበጃል።

ጎንደር ላለ ሰው እዚህ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የብዙዎቻችሁ ቴሌግራምና ዋትስአፕ በእነዚያ ወራት ባዶ ነው። ክፍተቱን በዝምታ አትለፉት። በደብዳቤያችሁ ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደተቋረጠ፣ በምን ስትገናኙ እንደነበር ጻፉ። እንግሊዝ ያለው ሰው በቀጥታ የስልክ ጥሪ ይደውል ከነበረ የእሱ የስልክ ሒሳብ ወይም የደወለበት መተግበሪያ የጥሪ ዝርዝር ያንን ክፍተት ይሞላዋል።

ፎቶ ብዙ አያስፈልግም። ከተለያየ ጊዜና ቦታ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር የተነሳችሁት ይበልጣል። ከእያንዳንዱ ሥር አጭር ጽሑፍ አስቀምጡ፦ «ጥር 11 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2025)፣ ጎንደር፣ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር፣ ከግራ ወደ ቀኝ የአመልካች እህት፣ አመልካች፣ አጋሯ።» ቀን ስትለውጡ ተጠንቀቁ፤ ጥር 11 በ2017 ጃንዋሪ 19 ላይ ዋለ፣ በ2016 ግን ጃንዋሪ 20 ነበር። በአንድ ቀን የተሳሳተ ቀን ከስልኩ የፎቶ ቀን ጋር ሲጋጭ ያለ ምክንያት ጥርጣሬ ይፈጥራል።

የመጣበት ጊዜ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የፓስፖርቱ ማኅተም፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር አብራችሁ ከበረራችሁ የሁለታችሁ የመሳፈሪያ ወረቀት፣ ያረፋችሁበት ሆቴል ደረሰኝ። ሆቴል በእሱ ስም ብቻ ሲያዝ ስለሚቸግር የእናንተም ስም እንዲጻፍ ጠይቁ።

የጎረቤት ወይም የዘመድ ደብዳቤ ይጠቅማል?

ብቻውን አይበቃም፣ ግን በደንብ ከተጻፈ ብዙ ይጠቅማል። እኔ ዘንድ የሚመጣው አብዛኛው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ግለሰቦች መልካም ሥነ ምግባር ያላቸውና የሚዋደዱ መሆናቸውን የማውቅ ስለሆነ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ይህ ለቀበሌ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ነው፤ አንድም የታየ ነገር የለበትም። አንዲት አዘዞ ያሉ የቤት አከራይ እንዲህ ቢጽፉ ግን ሌላ ነው፦

«ልጅቷ ከእኔ ግቢ ተከራይታ ትኖራለች። እጮኛዋ ከእንግሊዝ ሲመጣ ጥርን እዚሁ ጎንደር ነበር የሰነበተው። የጥምቀት ማግስት የሚካኤልን ታቦት አብረን ሸኝተን ምሳ እኔ ቤት ነው የበላነው። ኪራይ የዘገየ እንደሆነ ራሱ ደውሎ ‹እትዬ፣ ሰኞ ይደርስልዎታል› ይለኛል። እናቷ ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜም የመድኃኒቱን የላከው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፋርማሲ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ጸሐፊዋ ያዩትን ብቻ ነው የተናገሩት። እንዲህ ዓይነት ሁለት ወይም ሦስት ደብዳቤ ይበቃል። ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ፣ ቀንና የመታወቂያ ቅጂ አይቅር። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናት ሌላ ሰው የሚሉትን እንዳሉት ይጻፍላቸው፤ በእናንተ አፍ አትናገሩላቸው፣ ያሳጣችኋል።

ቤተሰቦቼ አያውቁም። ይጎዳኛል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ሲጠይቁም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። የቤተሰብ ማወቅ በደንቡ የተቀመጠ መስፈርት አይደለም። አለማወቃቸው ግን ምክንያቱ ካልተነገረ ጥያቄ ያስነሳል፤ የሁለት ዓመት ትዳር መሰል ግንኙነትን አንድም ዘመድ አለማወቁ ያጠራጥራልና። በሃይማኖት መለያየት፣ በብሔር፣ አንዳችሁ ቀድሞ አግብታችሁ በመፍታታችሁ ወይም አባት ስለማይቀበሉት ከሆነ ያንኑ ጻፉ። የሚያውቅ አንድ ሰው፣ አንዲት እህት ወይም የሥራ ባልደረባ እንኳን ብትኖር፣ ትጻፍላችሁ። እንግሊዝ ያሉት የእሱ ጓደኞችና ዘመዶችም መጻፍ ይችላሉ። ማመልከቻው ቤተሰባችሁ ዘንድ አይሄድም። ነገር ግን በተቻለ መጠን ከመሄዳችሁ በፊት ለአንድ የቅርብ ዘመድ መንገር ለራሳችሁም ይበጃል፤ ሰው አገር ሆናችሁ የሚፈልጋችሁ ሰው ይኑር።

ሰማንያ ተፈራርመን በጋብቻ ብናመለክት አይቀልም?

ለመጋባት ከልባችሁ ወስናችሁ ከሆነና የሚያግዳችሁ ነገር ከሌለ፣ አዎ፣ ይቀላል። በሕግ የጸና የጋብቻ ሰርተፍኬት ካለ የሁለት ዓመቱ ጥያቄ ይቀራል፤ እውነተኛ ግንኙነት መሆኑን ማሳየት ግን ይቀጥላል። በአገራችን ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ እኩል የጸና ነው፤ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመውንም በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡት።

ሌላው መንገድ የእጮኛ ቪዛ ነው። ስድስት ወር ይሰጣል፣ በዚያ ውስጥ እንግሊዝ ተጋብታችሁ እዚያው ሆናችሁ የአጋር ፈቃድ ታመለክታላችሁ። በእነዚያ ወራት ሥራ መሥራት አይፈቀድም፣ ክፍያውም ሁለት ጊዜ ነው። ሠርጉን ጎንደር፣ ወላጅ ባለበት፣ በዘመድ እልልታ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ይሄ መንገድ ደስ አይልም፤ እኔም ያን ስሜት አከብራለሁ።

የማልደግፈው ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ ሰማንያ ነው። «ከሦስት ዓመት በፊት የተጋባችሁ አስመስለን እናወጣላችኋለን» የሚሉ ደላሎች አሉ። እጮኛችሁ በዚያ ቀን ኢትዮጵያ እንዳልነበረ ፓስፖርቱ ይናገራል። የሐሰት ሰነድ ማቅረብ ማመልከቻውን ማስወደቅ ብቻ ሳይሆን እስከ 10 ዓመት የሚደርስ እገዳ ሊያመጣ ይችላል። ሁለት ዓመት ያልሞላው እውነተኛ ግንኙነት ሁለት ዓመቱን ጠብቆ ማመልከት ይችላል፤ በሐሰት ሰነድ የተያዘ ሰው ግን ከዚያ በኋላ እውነቱን ቢናገርም የሚያምነው አያገኝም።

የቀድሞ ባለቤቴ ጋር ፍቺው አላለቀም። አሁን ካለው ሰው ጋር ማመልከት እችላለሁ?

ብዙዎች ሳይጋቡ የሚያመለክቱት በዚህ ምክንያት ነው። ሳይጋቡ ለሚያመለክቱ ጥንዶች የሚጠየቀው የቀድሞው ግንኙነት ለዘለቄታው መቋረጡን ማሳየት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። «ሽማግሌ ፊት ተለያይተናል» ማለት በአገራችን ሕግም ፍቺ አይሆንም፤ ፍርድ ቤት መወሰን ወይም ማጽደቅ አለበት። ውሳኔው ገና ከሆነ የመዝገቡን ቅጂ፣ የቀጠሮ ትእዛዝ፣ ለየብቻ መኖራችሁን የሚያሳይ ነገር ሁሉ አያይዙ። የቀድሞ ትዳርን መደበቅ አይታሰብ፤ የድሮ የቪዛ ማመልከቻ፣ የልጅ ልደት ሰርተፍኬት፣ የቀበሌ ቅጽ አንድ ቀን ያወጣዋል።

ስንት ገንዘብ ሊኖረው ይገባል?

እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 ጀምሮ እንግሊዝ ያለው ሰው ታክስ ሳይቀነስ በዓመት 29,000 ፓውንድ ገቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ በፊት 18,600 ነበር። አንድ ቦታ ስድስት ወር የሠራ ተቀጣሪ የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ ደመወዙ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት፣ የአሠሪውን ደብዳቤ ያቀርባል። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ባንክ ከገባው ጋር መግጠም አለበት፤ የመጨረሻውም ማስረጃ ከማመልከቻው ቀን በፊት ከ28 ቀን በላይ የቆየ መሆን የለበትም።

እናንተ ጎንደር የምታገኙት ደመወዝ ወይም የሱቅ ገቢ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ቁጠባ ግን ይቆጠራል። ምንም ገቢ ከሌለ 88,500 ፓውንድ ለስድስት ወር በባንክ የቆየ መሆን አለበት፤ ገቢው በመጠኑ የጎደለ ከሆነ የሚያስፈልገው ቁጠባ ያንሳል። የአካል ጉዳት ወይም የአስታማሚ ድጎማ የሚያገኝ ሰው ከ29,000 ፓውንዱ መስፈርት ነጻ ሆኖ በሌላ መለኪያ ይታያል። የምትኖሩበት ቤትም ለሁለታችሁ የሚበቃ፣ ያልተጨናነቀ መሆኑን በኪራይ ውል አሳዩ።

እጮኛዬ ስደተኛ ሆኖ ነው ወረቀት ያገኘው። ቤተሰብ በማዋሐድ መንገድ አልሄድም?

ለስደተኞች የነበረው በነጻ ቤተሰብ የማዋሐድ መንገድ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ለአዲስ አመልካቾች ተዘግቷል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ከአገሩ ከመውጣቱ በፊት ለነበረ ግንኙነት ብቻ ነበር። ስለዚህ የዛሬ መንገዳችሁ ይኸው የአጋር ቪዛ ነው፣ ክፍያውና የገቢው መስፈርትም አለበት። እሱ ጥገኝነት ሲጠይቅ የሰጠውን ቃል አንድ ላይ ሆናችሁ አስታውሱት። ያኔ «ፍቅረኛ የለኝም» ብሎ ከሆነና እናንተ አሁን ከዚያ በፊት ጀምሮ አብረን ነን ካላችሁ ሁለቱ ይጋጫሉ።

የእንግሊዝኛ ፈተና ግዴታ ነው?

አዎ፤ መጀመሪያ ላይ ኤ1 የሚባለው ዝቅተኛው የመናገርና የማዳመጥ ደረጃ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በሚቀበለው ማዕከል የተወሰደ መሆን አለበት። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የተመረቃችሁ ሰዎች ግን ፈተናው ላያስፈልጋችሁ ይችላል፦ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱንና ዲግሪው ከእንግሊዙ ጋር እኩል መሆኑን ኤክቲስ የተባለው ተቋም ካረጋገጠ ይበቃል። ቴምፖራሪ ብቻ ይዛችሁ ከሆነ ኦሪጅናሉን አሁኑኑ ማስጨረስ ጀምሩ።

አዲስ አበባ ለምን ለምን እሄዳለሁ?

ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ለአሻራ። ከስድስት ወር በላይ እንግሊዝ ለሚቆይ ኢትዮጵያ የሚኖር ሰው ምርመራው ግዴታ ነው፤ የሚደረገውም አዲስ አበባ በዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት ክሊኒክ ነው። የምስክር ወረቀቱ ለስድስት ወር ብቻ ስለሚያገለግል ሌላው ሰነድ ሳይሟላ ቀድማችሁ አትመርመሩ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ተሞልቶ ከተከፈለ በኋላ የአሻራ ቀጠሮ ትይዛላችሁ። መንገዱ አስተማማኝ በማይሆንበት ጊዜ ከአዘዞ በአውሮፕላን መሄድ ውድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ጉዳይ ባንድ ጉዞ ለማጠጋጋት ሞክሩ።

ስሜ በየወረቀቱ ላይ በተለያየ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል።

በጣም የተለመደ ነው። ፓስፖርቱን መሠረት አድርጉ፤ ተርጓሚውም ስማችሁን በፓስፖርቱ ፊደል እንዲጽፍ ንገሩት። የባንክ ደረሰኝ ላይ ያለው ከተለየ በደብዳቤው ላይ በአንድ መስመር አስረዱ። የልደት ቀንም እንዲሁ፦ የቀበሌው በኢትዮጵያ፣ የፓስፖርቱ በፈረንጅ ስለሆነ ትርጉሙ ላይ ሁለቱም ይጻፉ። በእንግሊዝኛ ያልሆነ ሰነድ ሁሉ ተተርጉሞ መቅረብ አለበት፤ ተርጓሚው ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን አረጋግጦ ቀኑን፣ ሙሉ ስሙን፣ ፊርማውንና አድራሻውን ያስቀምጣል።

ሁሉም ተደምሮ ስንት ያስወጣል?

የቪዛ ማመልከቻው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 1,938 ፓውንድ ነበር። በየዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ ሊጨምር ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። ከዚያ ላይ የጤና ክፍያ አለ፤ በዓመት 1,035 ፓውንድ፣ ለመጀመሪያው ፈቃድ ባንድ ጊዜ 3,105 ፓውንድ ይከፈላል። ምርመራው፣ ፈተናው፣ ትርጉሙና ጉዞው ከዚህ ውጭ ነው። እንግሊዝ ያለው ሰው በካርዱ መክፈል ይችላል።

ልጅ አለን።

ልጁ ሁለታችሁም ወላጅ ሆናችሁ የተመዘገባችሁበት የልደት ሰርተፍኬት ካለው ከማስረጃ ሁሉ ይበልጣል። አባትየው እንግሊዝ ተወልዶ ወይም እዚያ ዜግነት አግኝቶ ልጁ የተወለደው ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ ባትጋቡም ልጁ ሲወለድ ጀምሮ የእንግሊዝ ዜጋ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ቪዛ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

በጉብኝት ቪዛ ገብቼ እዚያው መቀየር አልችልም?

አትችሉም።

ጉዳይ አስፈጻሚ ልያዝ?

ፎርም ማስሞላትና ማስተርጎም ችግር የለውም። በእንግሊዝ የኢሚግሬሽን ሕግ ላይ ምክር የምትፈልጉ ከሆነ ግን እዚያው አገር የተመዘገበ አማካሪ ወይም ጠበቃ እጮኛችሁ ያነጋግር። ውጤቱን ዋስትና የሚሰጥ፣ ኦሪጅናል ፓስፖርታችሁን ይዞ የሚያቆይ ወይም የኢሜይል ይለፍ ቃላችሁን የሚጠይቅ ሰው ጋር አትሂዱ። ማመልከቻው ከመላኩ በፊት የተጻፈውን ቃል በቃል ተረድታችሁ አንብቡት፤ በስማችሁ የተጻፈ ስሕተት የሚጠየቀው ከእናንተ ነው።

ውድቅ ቢሆንስ?

የውድቅ ደብዳቤውን በጥንቃቄ አንብቡ። በቤተሰብ ሕይወት መብት ላይ ተመሥርታችሁ፣ ውሳኔው ከደረሳችሁ በ28 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። የጎደለው አንድ ወረቀት ብቻ ከሆነ ግን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ይፈጥናል፤ ይግባኝ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

እጮኛዬ ያለው አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ቢሆንስ?

አሜሪካ ላልተጋቡ ጥንዶች እንዲህ ያለ ቪዛ የላትም፤ ያለው ባለፉት ሁለት ዓመታት በአካል ለተገናኙ እጮኛሞች የሚሰጠው ነው፣ በገቡ በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባችሁ። ካናዳ በመደበኛነት አንድ ዓመት ሳይቋረጥ አብሮ መኖርን ትጠይቃለች፤ አብረው መኖርም መጋባትም ላልቻሉ የተለየ መንገድ አላት። አውስትራሊያ በአጠቃላይ 12 ወር የዘለቀ ግንኙነት ትፈልጋለች፤ ገንዘቡን፣ የቤቱን ኑሮ፣ ሰው ፊት ያላችሁበትንና ቃል ኪዳናችሁን ለየብቻ ትመዝናለች። ከላይ ስለ ደረሰኝ፣ ስለ ፎቶና ስለ ደብዳቤ ያልኩት ለአውስትራሊያም ይሠራል።

ቪዛው ከተሰጠኝ በኋላ ምን ይፈቀድልኛል? ብንጣላስ?

ፈቃዱ 33 ወር ነው። ሥራ መሥራት ይቻላል፣ የመንግሥት ድጎማ ግን አይፈቀድም። ከዚያ ይታደሳል፤ አምስት ዓመት ሲሞላ ቋሚ መኖሪያ ይጠየቃል። በየደረጃው እንግሊዝኛው ከፍ ይላል።

ግንኙነቱ ከፈረሰ ፈቃዱ የተሰጠበት ምክንያት ስለሚቀር ለመንግሥት ማሳወቅና ሌላ መንገድ መፈለግ ያስፈልጋል። ድብደባ፣ ማስፈራራት፣ ገንዘብና ስልክ መከልከል ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ወረቀትሽ በእኔ እጅ ነው፣ ከወጣሽ ትባረሪያለሽ» ሲባሉ ለዓመታት የሚታገሡ እህቶች አሉ። ውሸት ነው። ባለትዳር ባትሆኑም በአጋር ቪዛ የገባችሁ ሰዎች በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት ግንኙነቱ ከተቋረጠ በራሳችሁ ስም ቋሚ መኖሪያ ማመልከት ትችላላችሁ፤ እስከዚያ ድረስ መጠለያና ድጎማ እንድታገኙ የሦስት ወር ጊዜያዊ ፈቃድ መጠየቅም ይቻላል። አደጋ ላይ ከሆናችሁ 999 ደውሉ፤ እንግሊዝኛችሁ ደካማ ከሆነ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። የፓስፖርታችሁን፣ የቪዛችሁንና የማመልከቻችሁን ቅጂ ደግሞ ከጎንደር ሳትነሱ ለምታምኑት አንድ ሰው አስቀምጡ።